በካዮዋ የዘመን መዝገብ ዓመትን መለየት

ካዮዋዎች የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ሲሆኑ፣ ዓመታትን በሥዕል ይመዘግቡ ነበር። ሴታን የተባለው ካዮዋ ባዘጋጀው የዘመን መዝገብ ላይ ሥዕሎቹ ከዓመታቱ በእጥፍ በዝተው ቢያገኟቸው፣ ለየዓመቱ አንድ የበጋ (የሙቀት ወራት) እና አንድ የብርድ ወራት ሥዕል ስላለ ነው። ቀጥ ያለው ጥቁር መስመር ዕፅዋት የደረቁበትን የብርድ ወራት፣ የፀሐይ ጭፈራ የተባለው የበጋ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ዳስ ደግሞ በጋውን ያመለክታል።

ቆጠራዎን ከዋክብት ከተሣሉበት ቦታ ይጀምሩ፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1833 ሌሊት የተወርዋሪ ኮከቦች ውርጅብኝ ሰማዩን ስለሞላው፣ ጊዜው አያጠራጥርም። ከዚያ በፊት ያለው የተቆረጠ ራስ በዚያው ዓመት በጋ ኦሴጅ የተባሉት ሌሎች ነባር ሕዝቦች በካዮዋዎች ላይ የፈጸሙትን ጭፍጨፋ ያሳያል።

እንዲህ ያሉ መዝገቦችን የሚያነቡ ሰዎች ዳስ ያልተሣለበትን በጋ ሲዘሉት ደጋግሜ አይቻለሁና ይጠንቀቁ። ኦሴጆች በጭፍጨፋው ጊዜ ታይሜ የተባለውን ቅዱስ ምስል ስለማረኩ፣ ያለ እርሱ ጭፈራውን ማካሄድ አይቻልም ነበር፤ ዓመቱ ግን ይቆጠራል።