ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሌሊት ለምትጠብቁ

በሕፃናት የልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ ለምትጀምሩ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፣

ሁለቱ ታላላቅ የደም ቧንቧዎች ተቀያይረውበት የተወለደ ጨቅላ፣ ብራዚላዊው ሐኪም አዲብ ጃተኔ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳካው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ቧንቧዎቹ ወደየቦታቸው ተመልሰውለት ሲወጣ፣ መልኩ ቀልቶ የደም ግፊቱም ተስተካክሎ ታገኙታላችሁ። ይህ አያዘናጋችሁ። የልብንና የሳንባን ሥራ ማሽን ተክቶ ሲሠራ ከቆየ በኋላ የልብ ጡንቻ ድካም ጎልቶ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ጠዋት የተሠራው ልጅ የሚደክመው እንግዲህ ሌሊት፣ ክፍሉ ለተረኞች ብቻ ሲቀር ነው።

የጨቅላ ሰውነት የእጅና የእግሩን የደም ሥሮች አጥብቦ ግፊቱን ይዞ ስለሚቆይ፣ ሞኒተሩ ላይ ግፊት እስኪወርድ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል። እኔ መጀመሪያ የምዳስሰው እግሩን ነው። ቅዝቃዜው ከጣቶቹ ወደ ጉልበቱ ከወጣ፣ ሽንቱ በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ፣ ጉበቱ እየተለቀ ላክቴቱም (ሰውነት ኦክስጅን ሲያንሰው በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ንጥረ ነገር) በየምርመራው እየጨመረ ከሄደ፣ ግፊቱ ቢያምርም አለቃችሁን ከእንቅልፉ ቀስቅሱ። ካልሲየሙንም አትርሱ፤ የጨቅላ የልብ ጡንቻ ከአዋቂ ይልቅ በደም ውስጥ ባለው ካልሲየም ላይ የተመካ ነው።

ከቀዶው በኋላ ደምና ፈሳሽ ከደረት የሚያወጣው የደረት ቱቦ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ደም ሲያወርድ የነበረ ቱቦ ድንገት ሲደርቅ «ተመስገን፣ ቆመ» የሚል አይጠፋም። እየቀጠነና እየቀነሰ የቆመ ከሆነ እሰየው። በአንዴ ተቋርጦ፣ የልብ ምቱ እየፈጠነ፣ ወደ ልብ በሚመለሰው ደም ሥር ያለው ግፊት እየጨመረ ከሄደ ግን ደሙ ረግቶ ቱቦውን ደፍኗል፣ ልቡንም ዙሪያውን እያፈነው ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይረዳል፤ ሆኖም ከልብ ኋላ የተሸጎጠ የረጋ ደም ሊያመልጠው ስለሚችል፣ ልጁ እየደከመ ሳለ «ምስሉ ንጹሕ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ቀዶ ሐኪሙን ጥሩ፤ ደረቱን አልጋው ላይ ለመክፈት የሚያስፈልገው ዕቃም አጠገባችሁ ይሁን።

የምት መዛባት ሲመጣ ትኩሳቱን ማውረድና የአድሬናሊኑን መጠን መመርመር ከመድኃኒት ይቀድማል።

ከቀናት በኋላ ልጁ ወተት ሲጀምር በቱቦው ነጭ ፈሳሽ ከወረደ፣ የተጎዳ የሊምፍ ቧንቧ ሊሆን ይችላል፤ ምግቡም ለጊዜው ቅባቱ ወደተለወጠ ወተት ይዞራል። እናቲቱ ግን የራሷ ጡት ልጇን የጎዳው ይመስላታልና፣ እንዳልሆነ ቁጭ ብላችሁ አስረዷት፤ እስኪፈቀድለትም ድረስ ወተቷ እንዳይደርቅ እንድታልብ ንገሯት።