ሽሮው ይንተክተክ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ምሳዬን ሁልጊዜ ውጭ ነው የምበላው። በሁለት ወር ውስጥ ሁለቴ ሆዴን አመመኝ፤ አንዴ ክትፎ ለብለብ በልቼ፣ አንዴ ሩዝ በሰላጣ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሎሚና ሚጥሚጣ ጀርሙን ይገድለዋል፣ ካልሆነ አረቄ ጣል አድርግበት» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ 17 ዓመት ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። ሚጥሚጣ ሲያቃጥል ያየሁት ምላስ ብቻ ነው። ሎሚውንም አረቄውንም አትመን፤ የሚገድለው እሳት ነው። ምግብ እስከ መሃሉ 70 ዲግሪ ከደረሰ አብዛኛው ጀርም ይሞታል። ለብለብ ግን እንደ ስሙ ነው፤ ለብ ይላል እንጂ አይበስልም። ሥጋ ሲከተፍ ደግሞ ላዩ ላይ የነበረው ቆሻሻ ውስጡ ይገባል። የኮሶውን ነገር ተወው። ክትፎ ካማረህ «በደንብ ይብሰል» በል። አስተናጋጁ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር።

ሩዙን ግን ማንም አይጠረጥረውም። እኔን የጣለኝ እሱ ነው። ኮምቦልቻ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ አንድ ቤት ገባሁ፤ ስሙን አልጠራም። ሩዙ ይጨሳል፣ የጠረጴዛው ልብስ ነጭ ነው፣ ምን ልጠርጥር? ለካስ ጠዋት ተቀቅሎ ድስት ውስጥ የዋለ፣ ለእኔ የተሞቀ ኖሯል። መኪና እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ጠብቄ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሚኒባሱን ሁለቴ አስቆምኩት። የሩዝ ጀርም ዘሩ በፈላ ውሃም አይሞትም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባና መርዝ ይተዋል፤ መርዙን ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓትም ይበቃዋል።

ስለዚህ እኔ ካዘዝኩ በኋላ የሚሠራ ነው የምበላው፤ ጥብስ፣ እንቁላል፣ በሸክላ እየተንተከተከ የሚመጣ ሽሮ። የምገባውም ሰው በሚበዛበት ሰዓት ነው፣ ድስቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚገለበጥ። በምን ውሃ እንደታጠበ የማላውቀውን ሰላጣ አልነካም። ሥጋ ቆራጩ ብር ተቀብሎ በዚያው እጁ ሥጋ ከነካ፣ ተነስቼ እወጣለሁ።

እንደገና ካመመህ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (ሰውነት ያጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጠህ ቀስ እያልክ ፉት በል። ደም ካየህ፣ ኃይለኛ ትኩሳት ከያዘህ ወይም የጠጣኸው አልረጋ ካለ፣ አረቄውን ለባልደረቦችህ ትተህ ጤና ጣቢያ ሂድ።