እትዬን ጠይቁ፦ ከጠጅ ጋን እስከ መስኮት አበባ፣ በደጋ ቤት የሚሠራ የእጅ ሥራ

በእጅ የሚሠራ የትርፍ ጊዜ ሥራን የተመለከተ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከጥያቄዎቻችሁ የግማሹ መልስ ደግሞ እዚሁ ቁጥር ውስጥ አለ። ለሞቃት አገር የተጻፈ መመሪያ ሳይታረም ጣርማበር ላይ ሲወጣ አይሠራም፤ አበባውም ይሞታል፣ ጠጁም አልፈላ ይላል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፦ እትዬ፣ በሶብላ በቆርቆሮ ተክዬ መስኮት ላይ አስቀምጬው ነበር። ኅዳር ላይ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ። በሽታ ይሆን?

በሽታ አይደለም እህቴ፣ ብርድ ነው። በሶብላ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ቅጠሉ መጥቆር ይጀምራል። ውርጭ ሲመታው ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሥሪቱን ያፈርሰዋል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ እንደተቀቀለ ጎመን የሚንጠለጠለው ለዚህ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ፍሪ። ደመና ከሌለ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት የሚመልስላት የለም።

መስታወት ከክፍሉ አየር ቀድሞ ይበርዳል። ስለዚህ ማታ ተክሉን ከመስኮቱ አንሥተሽ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠጊው፤ ማንሣት ካልተቻለ መጋረጃው በተክሉና በመስታወቱ መካከል እንዲወርድ አድርጊ። ብዙዎች ተክሉን ከመጋረጃው ውጪ ትተው ይተኛሉ፤ ይህ በረንዳ ላይ ከማሳደር ብዙም አይሻልም። ውሃም ጠዋት እንጂ ማታ አይጠጣም።

አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርሽ። አበባው እንዳይበርደው ብሎ የከሰል ምድጃ ዘግቶ ማሳደር አለ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝቶ ያለውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። አሥር በሶብላ ይሙት።

ለደብረ ብርሃን መስኮት የሚሆነው ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ጄራኒየም ነው። ጦስኝማ የራሳችን ነው፤ በመንዝና በጣርማበር ደጋ በዱር ይበቅላል። ስትወስጂው ግን ከነሥሩ አትንቀይው። ቁራጭ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ብትተክዪው ሥር ያወጣል።

ከደብረ ብርሃን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱም ወደ ሰሜን ያያል። ያነበብሁት ሁሉ «ተክል በደቡብ መስኮት ይቀመጥ» ይላል። ተስፋ ልቁረጥ?

አትቁረጥ። ያ ምክር የተጻፈው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምትዞርባቸው የአውሮፓና የመሰል አገሮች ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ እንኳ አንሞላም። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በላይ አልፋ በሰሜን በኩል ትሆናለች። መስኮትህ ፀሐይ የሚያገኘው እንግዲህ በዚያ ጊዜ ነው፤ ክረምቱ ደመና ቢሆንም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ግን ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባህም፤ ስለዚህ ጥላ የሚችል ተክል ምረጥ። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የቆመው ሳንሴቬሪያ ጥላ ይችላል፣ ውሃ ብትረሳውም ይቅር ይላል፤ የሚገድለው ብርድና ርጥበት አንድ ላይ ሲመጡበት ነው። በብርዱ ወራት አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ ጠብታ አትጨምር።

መትከያ አትግዛ። የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃል፤ ከሥሩ በጋለ ምስማር ብሳው። ዋልካ አፈር ብቻውን አትሙላ፤ ሲጠጣ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥሩንም ይበጥሳል። አንድ እጅ ዋልካ፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ደባልቅ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

ከአንኮበር፦ ለፋሲካ ብዬ ጠጅ ጣልሁ። ሳምንት አልፎት እንኳ አረፋ የለውም፣ ብርዝ እንደሆነ ቀረ። ማሩ ስኳር የተቀላቀለበት ይሆን?

ማሩን አትጠርጥር፤ ስኳርም ቢሆን ይፈላ ነበር። ያቆመህ ብርዱ ነው። ጠጅ የሚያፈላው እርሾ ደስ የሚለው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ነው፤ በደጋ ቤት ሌሊት ግን ሲሚንቶው ወለል እጅ ያደነዝዛል። ጋኑን በቀጥታ ወለል ላይ አታስቀምጥ፤ ሳንቃ ወይም ጭድ የሞላ ጆንያ ከሥሩ ይግባ። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠጋው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው። ብርድ ልብስ ግን ራሱ ሙቀት አይፈጥርም፣ ያለውን ይይዛል እንጂ። ስለዚህ ቀዝቃዛ ብርዝ ጠቅልለህ ብትጠብቅ ትርጉም የለውም። ከብርዙ ጥቂቱን ቀድተህ ለብ አድርገውና መልስ። ክንድህ ላይ ስታንጠባጥበው ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማህ ልኩ ነው፤ በጣም ካሞቅኸው እርሾውን ትገድለዋለህ።

ልኩን ለማያውቁት፣ አንድ እጅ ማር ለሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ ነው። ውሃው በበዛ ቁጥር ጠጁ ይሳሳል፣ ቶሎም ይደርሳል። የሚገባው የጌሾ እንጨቱ ነው፤ ቅጠሉን ለጠላ ተዉት። ዕቃውን በግራዋ ማጠብና በወይራ ማጠን ለሽታ ብቻ አይምሰላችሁ፤ የሚያበላሸውን ተሐዋስ ይቀንሳል። ቆላ በሁለት ሳምንት የሚደርሰው እዚህ አንድ ወር ቢወስድ አትደንግጡ። ዝግታው ጠጁን አይጎዳውም፤ እንዲያውም እኔ ቀስ ብሎ የፈላውን እመርጣለሁ።

እየፈላ ያለ ጠጅ በጠርሙስ ከድናችሁ ደግሞ አታስቀምጡ። ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ጨርቅ አልብሱት፣ ይተንፍስ።

ከደብረ ብርሃን፦ ከተማችን በአረቄ የታወቀች ናት። በትንሽ ማሰሮ ለራሴ ላወጣ አሰብሁ፤ ምን ይመክሩኛል?

አታውጣ። የአልኮል ትነት እሳት ይይዛል፤ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውም መጣል ያለበት ነው፣ የቱ ጋ እንደሚቆረጥ ደግሞ ልምድ ያለው ብቻ ያውቃል። ይህ ሙያ እንጂ የእሑድ ከሰዓት ጨዋታ አይደለም። ከምታምነው ሰው የተገዛ አረቄ ላይ ግን ተጫወት። የብርቱካን ልጣጭ ነጩን ሥጋውን ገፈህ፣ ጥቂት ኮረሪማ ደቅቀህ ጨምርበትና ጨለማ ቦታ ሳምንት አቆየው፤ ከዚያ አጥልለው። አኒስ ያለበት አረቄ ደግሞ ውሃ ሲነካው ወተት መስሎ ይነጣል። ዘይቱ በአልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ በውሃ ግን አይሟሟም፤ ውሃ ሲበዛበት በደቃቁ ይበተናል፣ ነጣ ብሎ የሚታየውም እሱ ነው። እንግዳ ፊት ብታደርገው ያስደንቃል።

ከደብረ ሲና፦ እሑድ እሑድ ጓደኞቼ ይመጣሉ። ኮክቴል መሥራት እወዳለሁ፣ ግማሾቹ ግን አልኮል አይቀምሱም። ለሁሉም የሚሆን ነገር አለ?

አለ፣ እንዲያውም ለማይጠጡት የሚሠራው ይበልጥ ብልሃት ይጠይቃል፤ አልኮል ብዙ ጉድለት ይሸፍናልና። የቅይጥ መጠጥ ዋናው ነገር ልክ ነው። መለኪያ ከሌለሽ የቡና ስኒ ውሰጂ፦ ሁለት ስኒ ብርቱው (አልኮሉ)፣ አንድ ስኒ ጎምዛዛው፣ አንድ ስኒ ጣፋጩ። ከዚህ ተነሥተሽ እየቀመስሽ አስተካክዪ። ማደባለቂያው ክዳን ያለው የማርማላታ ብርጭቆ ነው፤ በረዶ ጨምረሽ እስኪበርድ ነቅንቂው።

ጣፋጩን ከጦስኝ ሥሪው። እኩል ስኳርና ውሃ አፍልተሽ ሲወርድ አንድ እፍኝ ጦስኝ ጣዪበት፣ ከድነሽ አቀዝቅዢው፣ አጥልዪው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቅጠሉ ጣዕሙን ለመስጠት ስለሚዘገይ ከመጽሐፉ ጊዜ ትንሽ ጨምሪ። ለማይጠጡት በብርቱው ምትክ የዝንጅብል ፍል አቀዝቅዘሽ አድርጊ፣ ሎሚ ጨምቂበት፣ አምቦ ውሃ ሙዪው። የጠጪዎቹ ብርጭቆም የእነሱም አንድ መልክ ይኖረዋል፣ ማንም ለምን አትጠጣም ተብሎ አይጠየቅም። ይህን የምለው በእኛ አገር «አንድ ብቻ» የሚለው ግብዣ ስንቱን እንደሚያስጨንቅ ስለማውቅ ነው።

ስፕሪስም አትናቂ። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ፣ ፓፓያው ከዚያ በላይ፤ ወፍራሙ ከታች ከሆነ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብለሽ ስታፈሺው አይደባለቅም። ማንጎና ፓፓያው ከሸዋ ሮቢት በኩል ሲመጣ ርካሽ ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ የበግ ጠጉር በብዛት አለኝ። አጠብሁት፣ ድርቅ ያለ ጉንጉን ሆኖ ቀረ። እንዴት ይታጠባል?

በፈላ ውሃ አሽተሽው ይሆናል። የበግ ጠጉር በአጉሊ መነጽር ቢታይ ላዩ ቅርፊት ቅርፊት ነው። ሙቀት፣ ሳሙናና መታሸት ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚፈታቸው የለም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሳሙና አሟሙተሽ ንከሪው፣ አትሺው፣ ጨምቀሽም አትጠምዝዢው። የሚያለቀልቀው ውሃም ልክ እንደ መጀመሪያው ለብ ያለ ይሁን፤ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ መዝለል ያኮማትረዋል። ከዚያ በጥላ አስጥተሽ፣ ሲደርቅ በደጋን ንደፊው፣ በእንዝርት ፍተዪው።

የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ነው፤ ለአንገት ልብስ አይመችም፣ ለምንጣፍ፣ ለባናና ለበርኖስ ግን እሱን የሚያህል የለም። ጥቁሩን በጥቁርነቱ፣ ቡናማውን በቡናማነቱ ተጠቀሚ። ነጩን ማቅለም ከፈለግሽ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ሰብስቢ፤ ቀቅለሽ ውሃውን አጥልለሽ ፈትሉን ቀስ በቀስ አሙቂበት፣ ከቢጫ እስከ ወርቃማ ቡናማ ይወጣል። የተቆላለፈውንም አትጣዪው፤ ቆርጠሽ የጀበና ማስቀመጫ አድርጊው፣ ሙቀት ይችላል።

ስሜ ይቅር ያለ፣ ከዓለም ከተማ፦ ወንድ ነኝ። በኪሮሽ ዳንቴል መሥራት ያዝናናኛል፣ ሰፈሩ ግን ይስቅብኛል።

ሽመናን በአገራችን ማን ሲሠራው ኖረ? ያንተው ወገን። ድርና ማግ ሲቆጥር የኖረ ወንድ በኪሮሽ ያፍራል የሚል ሰው ቢኖር የለበሰውን ጋቢ ማን እንደሠራው ጠይቀው። የመጀመሪያውን የአልጋ ልብስ ለእናትህ ስጥ፤ ሳቁን እሳቸው ያስቆሙልሃል።

ከደብረ ብርሃን፦ ከጠጅ የተረፈ ሰፈፍ አለኝ። ሻማ ይሆናል?

ይሆናል፣ መልካም ሻማ። ሰም የሚቀልጠው በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፣ ይቀጣጠላል። ትልቅ ድስት ውሃ ጥደህ ትንሹን ዕቃ በውስጡ አስቀምጥ። ሰፈፉን መጀመሪያ ከውሃ ጋር አቅልጠህ በጨርቅ አጥልለው፤ ሲበርድ ንጹሑ ሰም ላይ ላዩን ይረጋል፣ ቆሻሻው ከሥር ይቀራል፣ ፋቀው። ክሩ ጥጥ ይሁን። ናይሎን ይቀልጣል፣ ይከረፋልም። ክሩን ቀልጦ በቆመው ሰም ውስጥ ደጋግሞ መንከር ይበቃል፤ ቅርጽ ማውጫ አያስፈልግም።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኛን ረሱን! እዚህ ብርድ የለም።

አልረሳኋችሁም፣ ቀናሁባችሁ እንጂ። በሶብላ፣ ናና፣ በመትከያ የሚያድግ ሎሚ፣ ሁሉም ለእናንተ ነው። ጠጃችሁን ግን ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ አስቀምጡ፣ በሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል። የጦስኝ ሽሮፕንም ማቀዝቀዣ ከሌላችሁ በብዛት አትሥሩ።

ከመንዝ፦ መሶብ መስፋት ልጀምር ነው። ሣሩን ከጓሳ ላምጣ?

ሳታስፈቅጂ አይሆንም። ጓሳ፣ ቄሮ በሚባለው የአገሬው ነባር የመሬት ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ የኖረ የማኅበረሰብ መሬት ነው፤ ሣሩ የሚታጨደው ማኅበረሰቡ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ያ ሣር ደግሞ ይበልጥ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ነው። ለስፌት አክርማና ስንደዶ ከገበያ ግዢ። በመሶብ አትጀምሪ፣ ትሰለቺያለሽ፤ ሙዳይ ይሁን፣ ከፈለግሽ ደግሞ ትንሽ ሰፌድ። አክርማውን ከመስፋትሽ በፊት አርጥቢው፣ ደረቁ ይሰበራል። ወስፌሽ ሹል ይሁን፣ ቀዳዳውን አታስፊ፤ ስፌቱ የሚላላው ከዚያ ነው። ዙሩ ወደ ላይ መታጠፍ ከጀመረ የምትጠቀልዪውን እያጠበቅሽው ነው፣ ለሁለት ዙር ያህል ላላ አድርጊው፣ ይስተካከላል።

ከደብረ ብርሃን፦ ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ይገኛል?

ከአንዳንዱ ጥቂት። ዋጋ ከማውጣትሽ በፊት ግን አንዱን ለራስሽ ሠርተሽ ጨርሺ፤ የመጀመሪያውን ለመሸጥ የሚጣደፍ ሰው ሁለተኛውን ሳይሠራው ይቀራል።

ከደብረ ብርሃን፦ አበባ መትከያ የሚቀየረው መቼ ነው?

ሚያዝያና ግንቦት፣ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ከድሮው በሁለት ጣት ብቻ የሰፋ ምረጡ፤ በጣም ሲሰፋ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይበሰብሳል።