ፋርማሲውን ልተው ወይስ ኳሱን?

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ፤ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሜሪላንድ ውስጥ ለፋርማሲ የሚያዘጋጁ ኮርሶችን እየወሰድክ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነህ። በትርፍ ሰዓትህ የታዳጊዎች የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ታግዛለህ፤ ልብህም እዚያው ቀርቷል። እናትህ «ኳስ እንጀራ አይሆንም» ብለውሃል። አንተ ደግሞ ትምህርቱን እርግፍ አድርገህ አሰልጣኝ ብትሆን እንዴት እንደማየው ጠይቀኸኛል።

እርግፍ አድርገህ መተውን አልመክርህም፤ አሰልጣኝነቱን ግን እመክርሃለሁ። ምክንያቴን ለማስረዳት ስለ ስመ ጥሩው የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ስለ አሞስ አሎንዞ ስታግ ላውጋህ።

ስታግ በ1862 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ የተወለደ የጫማ ሠሪ ልጅ ነው። ዬል ዩኒቨርሲቲ የገባው ሰባኪ ለመሆን ነበር። ቤዝቦል ላይ ጎበዝ ወርዋሪ ስለነበር ገንዘብ የሚከፍሉ ቡድኖች ቢጠሩትም እምቢ አለ። ችግሩ መድረክ ላይ ነበር፤ ሕዝብ ፊት ሲቆም አንደበቱ አይፈታለትም። ስብከት እንደማይሆንለት ሲገባው ሥነ መለኮቱን ተወና በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ወደሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ ሄዶ እየተማረ የፉትቦል ቡድን ማሠልጠን ጀመረ።

በዚያ ዘመን አሰልጣኝነት ሥራ ተብሎ የሚቆጠር አልነበረም። ብዙውን ጊዜ የቀድሞ ተጫዋች ለአንድ ወቅት መጥቶ አግዞ ይሄዳል፤ ቡድኑን የሚመራው አምበሉ ነው። ዬል ሳለ ስታግን ያስተማረው ዊሊያም ሬይኒ ሃርፐር ግን አዲስ የሚከፈተው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሊሆን ነበርና ስታግን ጠራው። ስታግ ራሱ እንዳወጋው፣ ሃርፐር መጀመሪያ በዓመት 1,500 ዶላር አቀረበለት። ስታግ ሐሳቡ አዲስ ሆኖበት ዝም አለ። ሃርፐር ዝምታው እምቢታ መስሎት ደመወዙን ወደ 2,000 ዶላር ከፍ አደረገና የረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ጨመረ። አሁንም ዝም። በመጨረሻ 2,500 ዶላርና ተባባሪ ፕሮፌሰርነት አለው፤ ይህም የዕድሜ ልክ ሹመት ነበር። (አንተ ቃለ መጠይቅ ላይ እንዳትሞክረው! ሃርፐር ሰውየውን ከተማሪነቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር።)

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚይዘው የጨመረውን 1,000 ዶላር ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር የፕሮፌሰርነቱ ማዕረግ ነው፤ ስታግ የተቀጠረው መምህር ሆኖ ነው። ከ1892 እስከ 1932 ቺካጎ ቆየ። በመጀመሪያው ዓመት ተጫዋች ስላልነበረው ራሱ ሜዳ ገብቶ ተጫውቷል፤ ኋላ የሊጉን ዋንጫ ደጋግሞ ወሰደ። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ቡድኑ ይሸነፍ የነበረባቸው ናቸው፤ ያም ሆኖ ያስወጣው ሽንፈቱ ሳይሆን የ70 ዓመት የጡረታ ደንቡ ነው። ከዚያ ካሊፎርኒያ ሄዶ የፓስፊክ ኮሌጅን ማሠልጠን ቀጠለ፤ በ1943፣ በ81 ዓመቱ፣ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። ያረፈው በ102 ዓመቱ ነው።

ዛሬ ትልልቆቹ ኮሌጆች ሁለት ሦስት ዓመት የተሸነፈን አሰልጣኝ ያሰናብታሉ። የስታግ ዓይነቱ አኗኗር በአብዛኛው የቀረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ሰውየው ቀን ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ ያሠለጥናል። የወር ደመወዙ የመምህርነቱ ነው፤ ለአሰልጣኝነቱ የሚከፈለው አበል በላዩ የሚታከል ነው። አበሉ ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ እዚህ ላይ እናትህ ልክ ናቸው።

አንተ ግን በእጅህ ያለውን አላየኸውም። ሦስት ዓመት የተማርከው ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው፤ ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ መምህር ያጥራቸዋል። ኬሚስትሪ የሚያስተምር አሰልጣኝ ቡድኑ ቢሸነፍም ክፍሉ ውስጥ ይፈለጋል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የኮሌጅህን አማካሪ አግኝና ከወሰድካቸው ኮርሶች ስንቱ ለሳይንስ መምህርነት ፈቃድ እንደሚቆጠርልህ ጠይቅ። የምታግዘውን ዋና አሰልጣኝም የልምምድ ዕቅድ ማውጣት ላይ እንዲያስገባህ ለምነው፤ ኮን መደርደርና ውኃ ማቀበል ማመልከቻ ላይ አይጻፍም። የመጀመሪያ እርዳታና የጭንቅላት ጉዳት ሥልጠናውንም ከአሁኑ ውሰድ፤ ሳትጠየቅ አትቀጠርም። የክሬዲቱን ቁጥር ስታገኝ ጻፍልኝና ለውጡ አንድ ሴሚስተር ይፈጅብህ እንደሆነ ወይም ሁለት፣ አብረን እናሰላዋለን።