ስጦታችሁን ቀድማችሁ ቁረጡት

ልጆቼ፣

ዕጣ አገናኝቶን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ የእድራችን ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። ዕድሜዬን በሒሳብ ሥራ ስለጨረስኩ ጡረታ ወጥቼም ሰው ከመዝገብ ሊያላቅቀኝ አልቻለም። ስለዚህ ስለ መስጠት የማስበውም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ይህ ቅር የሚለው አይጠፋም። «ልግስና ከልብ እንጂ ከመዝገብ አይመጣም» ይሉኛል ወጣቶቹ። ልባቸውን አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ወሩ ሃያ ሲሞላ ኪሳቸው ውስጥ የሚቀረውን ነው።

ከብሎካችን ግራውንድ ላይ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት አለች። ጧሪ ለሌላቸው አንድ አዛውንት በጋገረች ቁጥር ሦስት እንጀራ ትልካለች፤ የምታደርሰው ትንሿ ልጇ ናት። ጤፍ በጣም በተወደደበት ሰሞን «እንዴት ቻልሽው?» አልኳት። ጥያቄው ራሱ ግር አላት። «የሳቸው እኮ ሲቦካ ጀምሮ አብሮ ነው የሚቦካው» አለችኝ። ዱቄቱን ስትሰፍር ቀድማ የሳቸውን ትሰፍራለች፤ የሽያጩ ቁጥር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ገበያ ቀዝቅዞ የተረፈውን አይደለም የምትልክላቸው፤ ገበያ ሲደራም አትቀንስባቸውም። ሽማግሌውም ነገ የሚበሉትን ስለሚያውቁ ማንንም ደጅ አይጠኑም።

እዚያው ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ጥሩ ደመወዝ የሚያገኝ ጎበዝ መሐንዲስ አለ። ደመወዝ የወጣ ዕለት ስልኩ አያርፍም፤ የአጎት ልጅ፣ የድሮ ጓደኛ፣ የቢሮ ባልደረባ። እምቢ ማለት ያሳፍረዋል። ለሁሉም ይልካል፣ ሁሉንም «አበደርኩት» ይላል፣ አንዱም አይመለስም። ወሩ ሲጋመስ ራሱ ተበዳሪ ይሆናል። ከዚያ ስልክ ማንሳት ያቆማል፤ የእድር መዋጮውን እንኳ የሚከፍለው ከነቅጣቱ ነው። ሰፈሩ «እጁ የተፈታ ልጅ» ይለዋል። እኔ ግን የዚያ መስጠት ግማሹ ይሉኝታ ነው ባይ ነኝ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አገር ቤት ላለችው እናቱ የሚልከው የመድኃኒት ገንዘብ ሁልጊዜ ወረፋው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። እሷ ደውላ አታስጨንቀውማ! ሳታስቡ የምትሰጡ ከሆነ ገንዘባችሁ የሚሄደው አብዝቶ ለጠየቀው ነው፤ አብዝቶ የሚጠይቀው ደግሞ ሁልጊዜ የባሰበት አይደለም።

ደመወዝተኛ የሆናችሁ የክፍያ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከመሠረታዊ ደመወዛችሁ 7 በመቶው ለጡረታ ተቆርጧል፤ አሠሪያችሁም 11 በመቶ ጨምሮበታል። ገንዘቡ እጃችሁ ስለማይገባ «በዚህ ወር ይለፈኝ» ብሎ የሚማጸን የለም፤ ሁሉም በቀረው መኖር ለምዷል። የስጦታችሁንም እንዲሁ አድርጉት። ደመወዝ እንደገባ፣ አስቤዛ ሳይገዛ፣ ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ አዛውሩት። የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የምታዩት ያንን ሒሳብ ብቻ ይሁን።

ስንት ይሁን ለሚለው፣ ሃይማኖቶቻችን ቁጥር ለመጥራት አላፈሩም። ክርስቲያኑ አሥራት ሲል ከአሥር አንድ ማለቱ ነው። ሙስሊሙ ሀብቱ ከተወሰነ መጠን አልፎ አንድ የጨረቃ ዓመት ሲሞላው ከአርባ አንዱን ዘካ ያወጣል። በረመዳን ማብቂያ ለድሃ በሚሰጠው እህል፣ በዘካተል ፊጥርማ ቀኑም ተወስኗል፦ ከዒድ ሰላት በፊት መድረስ አለበት፤ ድሃው በበዓሉ ቀን ከሌላው ጋር አብሮ እንዲውል። ከሰላቱ በኋላ የመጣ እህል ያው እህል ነው፣ ግን እንደ ተራ ምጽዋት ነው የሚታየው። ይህን ያሰበ ሰው ሒሳብም ሰውም ያውቅ ነበር። እናንተ በመጀመሪያ ደመወዛችሁ ከመቶ ሁለት ብትጀምሩ አልስቅባችሁም። ሦስት ወር ሃያ በመቶ ሰጥቶ በአራተኛው ለሚጠፋው ግን ለሚጠብቁት ሰዎች እሰጋለሁ።

የተመደበው ሲያልቅ ምን ይባላል? «በዚህ ወር የያዝኩት አልቋል፤ ወር ሲገባ አስታውሰኝ።» በቃ። ውሸት የለበትም፣ ስልክ መዝጋትም የለበትም። ሐቀኛ እምቢታ ዘመድ አያቆራርጥም፤ የሚያቆራርጠው የማይነሳ ስልክ ነው።

ብድርና ስጦታን አታደባልቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ እንጂ በምስክር እንደማይረጋገጥ ይናገራል። ያን ጊዜ 500 ብር ብዙ ነገር ይገዛ ነበር፤ ዛሬ ለጥቂት ጓደኛሞች አንድ ምሳ ነው። ታዲያ ጓደኛዬን እንዴት አስፈርመዋለሁ ካላችሁ አታበድሩት፤ ስጡት። አሥር ሺህ ቢጠይቃችሁና ለመመለስ አቅም እንደሌለው ብታውቁ ሁለት ሺህ ስጡትና «ይህ ብድር አይደለም» በሉት። እሱ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ አይሸሽም፤ እናንተም ገንዘባችሁ የት ደረሰ እያላችሁ ሌሊት አትገላበጡም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ መስጠት የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ሆኗል። ደግ ነገር ነው። ግን የታመመ ሰው ፎቶ ያለበት መልእክት በደረሳችሁ ቁጥር ከመላካችሁ በፊት የሆስፒታሉን ማስረጃ ጠይቁ፤ የሒሳቡ ስም የበሽተኛው ወይም የቅርብ ቤተሰቡ መሆኑን አረጋግጡ። ይህን መጠየቅ ክፉነት አይደለም፤ አንድ አጭበርባሪ ከሄደ በኋላ እኮ እውነተኛውን በሽተኛ የሚያምነው ይጠፋል። የዱቄትና የዘይት አሰጣጥን በቪዲዮ ስለሚቀርጹት ብዙ አልልም። እናቴ የሚቀበል ሰው ዓይን አይታይም ብላ ፊቷን ዞር ታደርግ ነበር፤ ያደግሁት በዚያ ነው።

አንድ ብርቱ ክርክር የሚገጥመኝ አበበች ጎበና ስትነሳ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ወርዳ፣ በረሃብ በሞተች እናቷ ጎን የነበረችን ሕፃን አየች። የያዘችውን ዳቦና ጸበል አካፍላ፣ ያቺን ሕፃንና ሌላ ወላጅ ያጣ ልጅ ይዛ አዲስ አበባ ገባች። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ፤ ትዳሯም ቤቷም በዚሁ ሄደ። የቱ በጀት፣ የቱ ከመቶ ሁለት? እውነት ነው፤ ያን ጊዜ ያሰላ ሰው ጥሎ ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ከመጣባችሁ የእኔን ደብዳቤ ጣሉት። ነገር ግን ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ያደረገችውንም እዩ፦ እንጀራና ቆሎ እየሸጠች ነው ልጆቹን ያቆየችው። ዳቦው ያለቀው የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ልጆቹ ግን በማግሥቱም ይበላሉ።

ገንዘብ የላችሁም? 18 ዓመት ከሞላችሁ፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ ካላነሰና ጤነኛ ከሆናችሁ በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ትችላላችሁ። እዚህም ላይ ነገሬ ያው ነው። ፕሌትሌት የሚባለው የደም ክፍል ከ5 ቀን ያለፈ አይቆይም፤ ቀዩም ቢሆን ከ5 ወይም ከ6 ሳምንት አያልፍም። አደጋ የደረሰ ዕለት ደም ባንክ የሚጎርፈው ሕዝብ ደስ ይላል፤ በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳትን ሴት በተራው ማክሰኞ ሌሊት የሚያተርፋት ግን ባለፉት ሳምንታት ማንም ሳይጠራው የሄደው ሰው ደም ነው።

እድር የሽማግሌ ነገር ነው የምትሉትንም ሰምቻለሁ። እኛ ያደግንበት ሰፈር ጥሩምባ ነፊው በሌሊት ዞሮ ነበር የሞተውን የሚናገረው፤ እዚህ በቴሌግራም ነው። ሌላው አልተለወጠም። ማን እንደሚሞት ሳይታወቅ በየወሩ እናዋጣለን፤ ሞት ሲመጣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሳይለመን ይደርሳል። ከአራተኛ ፎቅ አስከሬን በዚያ ጠባብ ደረጃ ማውረድ ግን የኛን የሽማግሌዎቹን ጉልበት አልፏል፤ የሚያወርዱት ወጣቶች ናቸው፣ አብዛኞቹም አባል አይደሉም። እንግዲህ ትከሻችሁ ከገባ ስማችሁም ይግባ።

እና አንድ ግልጽ ጥያቄ አለኝ። መዝገባችን እስከ ዛሬ በእጅ ነው የሚጻፈው፤ ጸሐፊያችን ዓይናቸው ደክሞ 3ን ከ8 አይለዩም፣ ባለፈው ስብሰባ የከፈለን ሰው ቀጥተናል። ኤክሴል የምታውቁ፣ በወር አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ሰዓት የምትሰጡኝ ሁለት ልጆች እፈልጋለሁ። ሁለት ያልኩት አንዳችሁ ስትቀሩ ሌላኛችሁ እንድትገኙ ነው። ቡና አለ፤ ላፕቶፕ ግን ይዛችሁ ኑ።