ለፎገራ ጉዞ ለምትዘጋጁ የሰንበት ተማሪዎች

ሰላም ልጆቼ፣ ጎርፍ የጎዳቸውን የፎገራ ሰዎች ልትረዱ ገንዘብና ልብስ እየሰበሰባችሁ እንደሆነ ሰማሁ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እኔ እድሜዬን በሳኒታሪያንነት፣ ማለት በአካባቢ ጤና ባለሙያነት፣ ስለጨረስኩ ከምታውቁት ላይ ትንሽ ልጨምርላችሁ ብዬ ነው። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ጉዞውን ከነሐሴ ወደ መስከረም አሻግሩት።

ለምን መሰላችሁ፣ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ደለል ተሸክመው ነው ሚወርዱት፣ ሜዳው ላይ ሲደርሱ መሬቱ ዝርግ ስለሆነ ከቦያቸው ይወጡና ናበጋን ሽናን ዋገጠራን የመሳሰሉ ቀበሌዎችን ያጥለቀልቃሉ፣ ጣና ደግሞ ዋናው ዝናብ ካለፈ በኋላም እየሞላ ስለሚቆይ ውሃው ቶሎ መውረጃ አያገኝም። በ1998 ክረምት ድሬዳዋም ኦሞም ጣና ዳርም ሲመቱ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ በጎርፉ ሰሞን ሚያስፈልገው ጀልባና ዋና ሚችል ሰው ነው። በዛ ላይ ፍልሰታ ነው፣ እየፆሙ ሙሉ ቀን ጭቃ መዛቅ ከባድ ነው። ደግሞ አስቡት፣ በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ነው ሚታሰበው፣ 30 ልጅ ሆናችሁ ብትሄዱ 450 ሊትር ማለት ነው፣ ያውም ንፁህ ውሃ በጠፋበት ቀበሌ። መስከረም ላይ ግን እርዳታ ያመጣው መኪና ተመልሷል፣ ቤቱንም የውሃ ጉድጓዱንም የመማሪያ ክፍሉንም ደለል ውጦታል፣ ትምህርት ሊጀመር ነው፣ ያኔ ነው የናንተ ጉልበት ሚፈለገው።

እስከዛ ምን እንስራ ካላችሁ፣ ሁለት ሰው መርጣችሁ ለወረዳው አደጋ መከላከልና ለቀበሌው ደውሉ፣ ለደብሩ አስተዳዳሪም ንገሩ። መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ የት ትምህርት ቤት እናፅዳ፣ ምን ጎደላችሁ ብላችሁ ጠይቁ እንጂ ከራሳችሁ ሊስት አታውጡ። ልብስ ሁሉም ያመጣል፣ ክዳን ያለው ጀሪካን፣ ሳሙናና ለሴቶች ልጆች ሞዴስ ግን ብዙ ሰው አያስበውም። የራሳችሁን ውሃና ስንቅ ያዙ፣ በሶና ቆሎ ይበቃል፣ ቤቱን ያጣ ሰው ቡና ላፍላ ብሎ እንዳይጨነቅባችሁ። ቦቲ ጫማና ጓንት የሌለው ልጅ ጭቃ ውስጥ አይገባም፣ ጣና ዳር ከውሃው በቆዳ በኩል ሚገባ ቢልሃርዝያ የሚባል በሽታ አለ፣ ጭቃው ውስጥ ደግሞ ሚስማሩም ቆርቆሮውም ስለማይታይ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የወሰደና ያልወሰደውን ከአሁኑ ለዩ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ማንም እንዳይገባ፣ ይሄን እለምናችኋለሁ። አየር ያጥራል፣ ግድግዳው በውሃ ስለራሰ ይናዳል፣ ቤንዚን ፓምፕ ወደ ውስጥ ማውረድም ጭሱ ሰው ይገድላል። ክሎሪኑንም ልኬቱ ስላለው ለወረዳው ውሃ ባለሙያ ተውለት፣ እናንተ ዙሪያውን አፅዱ፣ ውሃ መውረጃ ቦይ ቅደዱ። ተቅማጥ የያዘው ሰው ካጋጠማችሁ ኦአርኤስ (የጠፋውን ውሃና ጨው ሚተካው ዱቄት) አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ነው ሚበጠበጠው፣ ከዛ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ፣ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሊሆን ስለሚችል ነገ እናያለን አይባልም።

ከሰው ጋር ስትሆኑ ደግሞ፣ በሬው የሞተበትን አባወራ ለበጎ ነው አትበሉት፣ እግዜር ይተካልህ ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ካወራ ስሙት። ሳሙና ሲቀበሉ ፎቶ አታንሱ፣ የናንተ እናት ብትሆን ቴሌግራም ላይ እንድትወጣ አትፈልጉም። መዝሙሩም ቢሆን ስራው አልቆ እነሱ ከጠየቋችሁ ጥሩ ነው፣ ስራ ሳይጀመር ግን ጉባኤ አታድርጉት።

ማታ እዛ ምታድሩ ከሆነ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከመስከረም ጀምሮ ወባ ይበረታል፣ ባህርዳር ከተመለሳችሁ በኋላም ባሉት ሳምንታት የሚያተኩሰው ልጅ ካለ ጉንፋን ነው ብሎ ቤት እንዳይተኛ፣ ፎገራ ሄጄ ነበር ብሎ ደሙን ይመርመር። ግሩፑን ሚመራው ልጅ የሁሉንም ወላጅ ስልክ ይያዝና ከተመለሳችሁ በኋላ አንድ ወር ሙሉ በየሳምንቱ እየደወለ ይጠይቅ።