ከፍሳሽ ቆሻሻ ውስጥ ቫይረስ ስለማደን፦ ጥያቄና መልስ

የከተማ ፍሳሽ ናሙና የምመረምር የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ደጋግመው የተነሱትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ታማሚ ሳይኖር በሽታው መግባቱ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ብዙ ቫይረሶች ሕመም ከማይሰማው ሰውም ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣሉ። ፖሊዮ ከያዛቸው 200 ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሽባ ልጅ ሐኪም ቤት እስኪደርስ ቫይረሱ መንደሩን አዳርሷል። እስራኤል ውስጥ በ2013 እ.ኤ.አ. ፖሊዮ ከፍሳሽ ተገኝቶ አንድም ልጅ ሽባ ሳይሆን የክትባት ዘመቻ ተካሄደ። በ2024 እ.ኤ.አ. በጋዛም ፍሳሹ ቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ክትባቱ ሳይደርስ ግን የ10 ወር ሕፃን እግሩ ሽባ ሆነ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ጥያቄ፦ ናሙናው እንዴት ይወሰዳል?

መልስ፦ በማጣሪያ ጣቢያው መግቢያ ላይ 24 ሰዓት ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚቀዳ መሣሪያ ይተከላል። መሣሪያው ከሌለ ፋሻ በገመድ አስሮ ቦዩ ውስጥ ማንጠልጠል ይበቃል፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ናሙናው በበረዶ ሳጥን ይመጣል። ጠርሙሱ ሲቀመጥ ከላይ ግራጫ ውሃ፣ ከታች ጥቁር ዝቃጭ ይለያል። ብዙ ቫይረሶች ዝቃጩ ላይ ስለሚጣበቁ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከዚያ የቫይረሱን ዘረመል አውጥተን በፒሲአር፣ ማለትም ጥቂቱን ዘረመል አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ፣ እንፈልገዋለን።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው እንደታመመ ይነግራችኋል?

መልስ፦ አይነግረንም። አንዱ ሰው ብዙ ቫይረስ ያወጣል፣ ሌላው ጥቂት፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ፍሳሹ ይቀጥናል። የቀጠነበትን መጠን ለመገመት የምንረዳው በበርበሬ ተክል ቫይረስ ነው፤ ከምግብ ጋር ገብቶ ሰውን ሳይጎዳ ስለሚወጣ በፍሳሽ ውስጥ አይጠፋም። ልናምነው የምንችለው የሳምንታቱን አካሄድ ነው፤ የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ያሳስታል።

ጥያቄ፦ የእኔ ቤት ይታወቃል?

መልስ፦ የሺዎች ፍሳሽ ተቀላቅሎ ስለሚመጣ አይታወቅም። ከአንድ ሕንፃ ወይም ከአንድ ማረሚያ ቤት ብቻ ሲቀዳ ግን ነዋሪዎቹ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል፤ በዚህ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ የፍሳሽ መስመር በሌለበትስ?

መልስ፦ የፖሊዮ ክትትል በብዙ አገሮች የሚካሄደው ከክፍት ቦይና ፍሳሽ ከሚገባበት ጅረት በመቅዳት ነው። ቦታውን መምረጥ ግን ይከብዳል፤ ጅረቱ የየትኛውን ሰፈር ቆሻሻ እንደሚሸከም በእግር ተከትሎ ማየት ያስፈልጋል። ሁሉም በጉድጓድ መጸዳጃ በሚጠቀምበት መንደር ከቦይ የምንቀዳው ውሃ ስለዚያ መንደር የሚነግረን ጥቂት ነው፤ እዚያ ሽባ የሆኑ ልጆችን ቤት ለቤት የሚያስሱ የጤና ሠራተኞችን የሚተካ የለም።